በጾም የተመረጠ ስፒከር

ጎንደር ውስጥ ድል ባለ ሠርግ የተዳረ ሰው ሁሉ አንድም ዳኛው የሚባለውን ሰው መርቆታል፣ አንድም አስረግሞታል። የሚመርቁት ሙሽሮቹ ናቸው፤ የሚረግሙት ጎረቤቶቻቸው። ዳኛው ሞንታርቦ አከራይ ነበር፤ ቁም ሣጥን የሚያክለውን፣ ሁለት ጎረምሳ እያቃሰተ የሚሸከመውን፣ ሠርግ ቤት በር ላይ ተገትሮ የመንደሩን ቆርቆሮ የሚያንቀጠቅጠውን የድምፅ ሣጥን። በጥርና በግንቦት እንቅልፍ ያጣ የከተማ ሰው ጥፋቱን በሰይጣን አያላክክም ነበር። «ዳኛው ነው» ብሎ ትራሱን ጆሮው ላይ ይጭናል።

ትውልዱ ኮላ ድባ ነው። አባቱ የታወቁ የጤፍና የሽምብራ ገበሬ ነበሩ። እሱ ግን ቀኑን ሙሉ ከበሬ ኋላ እየሄደ የሚያዋራው ሰው ማጣቱ ሰለቸውና ጎንደር ገባ። አንድ ጄኔሬተርና ጥሩምባ የመሰለ የድምፅ ማጉያ ላለው ሰው ተቀጠረ። ሥራው ገመድ መጠቅለልና ጄኔሬተሩን መስደብ ነበር። ሁለቱንም ሲካንበት የራሱን ሥራ ከፈተ።

በሙያው አንድ እምነት ብቻ ነበረው፤ ድምፅ ካልጮኸ ሠርግ የለም። ማክሰኝት አንድ ሠርግ ላይ የሙሽራው በቅሎ የመጀመሪያው ዘፈን ሲለቀቅ ደንብራ፣ ሙሽራውን እንደያዘች ከብት ገበያው መሀል ገባች። ሚዜዎቹ በባጃጅ ተከታትለው፣ ሻጭ ነው ብለው ከከበቡት ደላሎች አስጥለው መለሱት። ዳኛው ያን ቀን ሲያነሣ ሐፍረት የሚባል አይታይበትም። «በቅሎዋ እንኳ ሰምታዋለች» ይላል። ሌላ ጊዜ ደግሞ የሙሽሪት ንስሐ አባት ምርቃታቸው አልሰማ ቢል ቀንስልኝ ቢሉት፣ «አባ፣ ምርቃቱን የሚሰማው እግዚአብሔር አይደል? ለእሱ ሞንታርቦ አያግደውም» ብሎ ጨመረበት። ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም ሠርግ እኩል ያከራይ ስለነበር፣ በሰማይ ቤት ሁለቱ ወገን ተስማምተው የሚከሱት ብቸኛ ሰው እኔ ነኝ እያለ ይኩራራ ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን ከአይሱዙ ላይ አንዱን ሣጥን ሲያወርድ ወገቡ ቀጭ አለ። ሐኪሙ ከእንግዲህ ከእንጀራ የሚከብድ ነገር እንዳታነሣ አለው። ዕቃውን ሁሉ ለአንድ የአዘዞ ሰው ሸጦ፣ አንድ ያረጀ ሣጥን ብቻ ለራሱ አስቀርቶ ቤቱ ገባ።

ቤቱ ቀሃ ወንዝን ተሻግሮ ነው። ውስጡ ሚስቱ ለተ ማርያም አለች። ለተ ማርያም የሐበሻ ቀሚስ ጥልፍ ትጠልፋለች፤ መስኮቱ አጠገብ ባለችው ወንበር ላይ ክሯን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ስትቀመጥ ከአጠገቧ ሰው ማለፉንም አታይም። ትዳራቸውን ሙሉ ቅዳሜና እሑድን ያሳለፈችው ብቻዋን ነው። ባሏ የሰው ልጅ ሲድር እሷ የሰው ቀሚስ ትጠልፋለች። ዳኛውም ሁልጊዜ፣ «ግድ የለሽም፣ አንድ ቀን ቤት እገባለሁ፤ አንቺ ትጠልፊያለሽ፣ እኔ ዘፈን እመርጥልሻለሁ፣ አብረን እየሰማን እናረጃለን» ይላት ነበር። ይህን የሚላት ብዙ ጊዜ አንድ እግሩ ደጅ ሆኖ ነው።

እንግዲህ ገባ። የመጀመሪያዋ ቅዳሜ ምሳ በልተው፣ ያቺን አሮጌ ሣጥን ሳሎኑ መሀል አቁሞ፣ የሚወደውን ዘፈን ለቀቀ። ለተ ማርያም ክሯን ሰበሰበች፣ ነጠላዋን ደረበች፣ ጎረቤቷ ስንዱ ዘንድ ሄደች። እሑድም እንደዚያው። በሳምንቱም እንደዚያው። ዕድሜ ልኩን እሱ ሲወጣ እሷ ስትቀር ኖረው፣ አሁን እሱ ሲገባ እሷ ወጣች።

በመጨረሻ ጠየቃት።

«ምነው? ዘፈን ጠላሽ?»

«ዘፈኑ ምን አደረገኝ። ሣጥንህ ነው። ግንባሬ ላይ በርበሬ የሚወቀጥ ይመስለኛል።»

«ስንዱ ዘንድስ ምን አለ?»

«ስንዱ ትቀመጣለች፣ እኔም እቀመጣለሁ። ማንም አይወቅጠንም።»

ዳኛው ይህን ሲሰማ መጀመሪያ ተቆጣ፤ ቆይቶ ግን ቁጣው ወዴት እንደሄደ ጠፋው። ሣጥኑን አጥፍቶ ባዶዋን ወንበር ሲያይ ዋለ። ከዚህ በኋላ የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ ዘፈኑ እየተሰማ እሷ እዚያ ወንበር ላይ እንድትቀር። ለዚህ ደግሞ፣ እንደ ባለሙያ ሲያስበው፣ የጠፋው ዕቃ ብቻ ነው። ጎንደር ውስጥ ያለውን አንደኛ የቤት ስፒከር መግዛት አለበት።

ፒያሳ ሷሊሕ ሱቅ ሄደ። የሷሊሕ ቤተ ሰብ ጎንደርን ዕቃ ሲያቀርብ የኖረ ነው፤ አያቱ ጨው፣ አባቱ ሬዲዮ፣ እሱ ቴሌቪዥንና ስፒከር። ዳኛውን ከልጅነቱ ያውቀዋል፤ የራሱ ሠርግ ላይ ያደነቆረውም እሱ ነው።

«አያ ዳኛው፣ ለሠርግ ነው ለቤት?»

«ለቤት። ለአንዲት ሴት።»

«ቀስ ብለው ያውሩ፣ እትዬ ለተ ማርያም እንዳይሰሙ።»

«እሷው ናት፣ ባለጌ።»

ሷሊሕ እየሳቀ ወደ ውስጠኛው ክፍል ወሰደው። የሚያብለጨልጩትን፣ መብራታቸው እንደ ቡና ቤት በር የሚጠቅሰውን ሁሉ አለፈና ከሁለት ጥንድ ፊት አቆመው። አንዱ ጥንድ ቀጫጭን፣ ብርማ፣ አናቱ ላይ አውራ ጣት የምታክል የብረት ጉልላት ያለው ነው። ሌላው ወፍራም እንጨት፣ ፊቱ በጨርቅ የተሸፈነ፣ የሟች አክስት ኮመዲኖ የሚመስል። ይሄኛው ለአንድ ሆቴል እንግዳ ማረፊያ ታዝዞ የመጣ ነው፤ ቱሪስቱ ሲጠፋ ሆቴሉ ሳይረከበው ቀረ።

ብርማዎቹ ሲከፈቱ ጭብጨባው እጅ ከእጅ ሲላቀቅ ይሰማል። ዳኛው ዓይኑ በራ። የእንጨቶቹ ተራ ሲደርስ ፊቱን ኮሶ እንደ ጠጣ ሰው አጨማደደ።

«ይሄ ዘፋኝ ምን ሆኗል? ጋቢ ተከናንቦ ነው የሚዘፍነው?»

«ያዘዘው የሆቴሉ ሰውዬ ቀኑን ሙሉ ሲሰሙት አያደክምም ብሎኝ ነበር።»

«ቀኑን ሙሉ የሚሰማው ስለማይሰማ ነው» አለ ዳኛው። ሦስት ዘፈን እንኳ በወጉ ሳይሰማ ብርማዎቹን ገዛ። በገበያ ቀን የታየች ልጃገረድ ሁሉ ሸጋ ናት፤ ይህን የሚያውቅ ሰው ነበር፣ ግን ለልጃገረድ እንጂ ለስፒከር የተባለ አልመሰለውም።

ጊዜው ቅበላ ነው፤ ዐቢይ ጾም ሊገባ ሰው ሁሉ የቀረውን ሥጋ የሚያሳድድበት ሳምንት። ስፒከሮቹ በባጃጅ ተጭነው ገቡ፣ ሳሎኑ ውስጥ እንደ ሁለት ሙሽራ ቆሙ። ለተ ማርያም ለወጉ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። የመጀመሪያው ዘፈን ሲያልቅ «ሸጋ ነው» አለች። በሁለተኛው መርፌዋን አስቀምጣ ግንባሯን ያዘች። በሦስተኛው ስንዱ ቀይ ክር እንደምትፈልግ ትዝ አላት። ስንዱ ጠልፋ አታውቅም፤ ክር የምትፈልገው ለምን እንደሆነ ስንዱንም ቢጠይቋት አታውቀውም።

ሰኞ ጾም ገባ። ዳኛው በጾም በኩል ከቤተ ክርስቲያን ጋር ጥቂት ያለመግባባት አለው፤ የጣና ዓሣ ከውኃ የሚለቀም አትክልት ነው የሚል የራሱ ትርጓሜ አውጥቷል። በዘፈን በኩል ግን ቤቷን የምትገዛው ለተ ማርያም ናት። ጾም ከገባ ከበሮ የለም፣ ማሲንቆ የለም፣ እስክስታ የለም፤ በገና ብቻ። ዳኛው ሥራ ላይ በነበረበት ዘመን ጾም ሲገባ ሞንታርቦውን በሸራ ሸፍኖ ኮላ ድባ እየሄደ ይተኛ ነበርና፣ በገናን አስቦ ሰምቶት አያውቅም። አሁን ግን ሌላ ምርጫ የለውም። ከሰው ፍላሽ ተውሶ ብርማዎቹ ላይ ሰካው።

በገናው እንደ ጀመረ ስፒከሩ ተርብ የገባበት ጣሳ ሆነ። ዝዝዝ ይላል። ሌላ በገና ቀየረ፤ ይኸው ዝዝዝ። ዳኛው ደሙ ፈላ። የተቀደደ ስፒከር በመቶ ሜትር ርቀት የሚለይ ሰው፣ ዛሬ በእርጅናው የተቀደደ ተሸጠለት። ለተ ማርያም «ኧረ ቆይ» እያለችው በባጃጅ ጭኖ ፒያሳ ወረደ።

«ሷሊሕ፣ ቀድደህ ሸጥክልኝ?»

ሷሊሕ ክዳኑን ፈታ፣ ውስጡን በባትሪ አየ፣ በጣቱ ገፋ አደረገው። ምንም የለበትም። መንዙማ ከፈተበት። እንደ ምንጭ ውኃ ጥርት ብሎ ወረደ።

«ለእኔ ሲሆን አይነዝርም፣ ለእርስዎ ሲሆን ይነዝራል» አለ። «አያ ዳኛው፣ ስፒከሩ ሳይሰልም አልቀረም።»

«ታዲያ ሳታስጠምቀው ሸጥክልኝ ማለት ነው።»

በዚህ መሀል ህሩይ ገባ። ህሩይ የዳኛው የሰፈር ወዳጅ፣ ጡረታ የወጣ አስተማሪ ነው፤ ፒያሳን አንድ ቀን ሳይዞራት ከዋለ የታመመ የሚመስለው። ነገሩን ሰምቶ፣ በገናውን ራሱ አስከፍቶ፣ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

«አንተ ደንቆሮ፣ የበገና ሥራው መነዘር ነው'ኮ። ከክሩ ሥር እንዚራ የሚሉት ቁራጭ ቆዳ ይገባበታል፣ እንዲነዝር ተብሎ። ዕድሜህን ሙሉ ድምፅ ስትነግድ ኖረህ ይህን አታውቅም?»

«በገና ለሠርግ ማን ያከራያል?» አለ ዳኛው። መልሱ እውነት ነበር፤ ሐፍረቱን ግን አልሸፈነለትም።

ሷሊሕ ለማስታረቅ የእንጨቶቹን ከፈተ። እዚያም በገናው ይነዝራል፤ ሷሊሕና ህሩይ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። ዳኛው ግን የሰማው ድፍን ያለ ጉርምርምታ ነው።

«ይሄኛው ደግሞ ጨርሶ አይነዝርም» አለ።

ሁለቱ ተያዩ። ሷሊሕ ነጋዴ ነውና ደንበኛን አይከራከርም። «እንዲህ እናድርግ» አለ። «እናንተ ጾም ናችሁ፣ የእኛም ረመዳን አብሮ ገብቷል። እስከ ፋሲካ እዚህ ሱቅ የሚበላ ነገር ቢኖር አቧራ ብቻ ነው። የእንጨቶቹንም ይውሰዱና ሁለቱንም ቤትዎ ያስቀምጡ። ቅዳሜ ሹር መጥቼ ያልፈለጉትን እወስዳለሁ። ከዚያ በኋላ የዳግም ትንሣኤ ሠርግ አለ፣ ገዢ አይጠፋም።»

ህሩይ ጣቱን አወዛወዘ። «በጾም የተመረጠ ስፒከር ፋሲካ ላይ ያዋርድሃል። በሽሮ የተፈተነ ድስት ዶሮ አይችልም። ደግሞ አንተ ሰውዬ፣ ስልክ ምነው አታነሣም? ስደውል ስደውል ትዘጋኛለህ።»

«ደውለህ አታውቅም።»

«በጾም ምድር ይዋሻል» አለ ህሩይ፣ ወደ ሷሊሕ ዞሮ።

እናም የዳኛው ሳሎን አራት ስፒከር ቆመበት። ጎረቤት ለመጠየቅ ሲመጣ በመካከላቸው በጎኑ ነው የሚያልፈው። ዳኛው አንድ ቀን ብርማዎቹን፣ አንድ ቀን የእንጨቶቹን ይከፍታል። ብርማዎቹ ሲሆኑ በገናው ከነጥፍሩ ቁልጭ ብሎ ይሰማዋል፤ ደርዳሪው ትንፋሽ ሲወስድ ሳይቀር ይሰማል። ለተ ማርያም ግን ሁለተኛው መዝሙር ላይ ነጠላዋን ታነሣለች። የእንጨቶቹ ሲሆኑ እሱ ያዛጋል፣ እሷ መርፌዋን ይዛ እስከ ማታ ትቆያለች። አንድ ቀን እንዲያውም ሳታስበው አብራ ስታዜም ሰማት፤ ወዲያው ግን እሱ ሲያያት ተወችው።

ነገሩ ያልገባው እንዳይመስላችሁ። ገብቶት ነበር፤ ግን ሴራ መሰለው። የእንጨቶቹን የወደደቻቸው የቤት ዕቃ ስለሚመስሉ ነው ብሎ ጠረጠረ። ገና በገቡ በማግስቱ አናታቸው ላይ ዳንቴል አልብሳቸዋለች። እሱ ያነሣዋል፣ እሷ ትመልሰዋለች።

«ለተ፣ ስፒከር'ኮ ዳንቴል አይለብስም።»

«ብርዱን ማን ይችለዋል።»

«ደግሞ ይሄ ታፍኗል። ንዝረቱ የታል?»

«አለ እንጂ። እዚህኛው ላይ ንቧ ቀፎዋ ውስጥ ናት። እዚያኛው ላይ ጆሮዬ ውስጥ።»

«ምንም አይሰማም።»

«ላንተ።»

«ጎንደርን ሙሉ ያስጨፈረ ጆሮ ነው ይሄ።»

«እግራቸውን አላውቅም፣ ጆሯቸውን ግን አንተ ነህ የጨረስከው» አለች፣ ክሯን በጥርሷ እየበጠሰች።

ከዚያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የእንጨቶቹ በቀስታ እያዜሙ፣ እሷ ስትጠልፍ፣ እሱ ግድግዳ ተደግፎ ሲያንጎላጅ፣ ለተ ማርያም ቀና አለች።

«አታነሣውም?»

«ምኑን?»

«ስልኩን። ሲጮህ ቆየ'ኮ። ህሩይ ይሆናል።»

ዳኛው ወደ ጠረጴዛው ዞረ። ስልኩ በርቷል፣ የህሩይ ስም ተጽፎበታል፤ ድምፁ ግን እንደ ድንጋይ ነው። አነሣውና ወደ ግራ ጆሮው አስጠጋው። ዝም። ወደ ቀኝ አዞረው። ከሩቅ፣ ከሆነ ጓሮ፣ የጠፋች ጫጩት የመሰለ ነገር ሰማ። ከዚያ እሷም ጠፋች፤ ህሩይ ተስፋ ቆርጦ ዘግቷል።

«ሁልጊዜ እንዲህ ይጮኻል?»

«ሁልጊዜ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ከህሩይ መሸሽህ መስሎኝ። ማን ይፈርድብሃል።»

ዳኛው ስልኩን እንደያዘ ቀረ። በጥምቀትም በእሑድም ቅዳሴ ሲሄድ፣ ደብተራዎቹ ጸናጽል ማንቀሳቀስ ሰለቻቸው፣ ዘመኑ ከፋ እያለ ሲያማቸው ነበር የከረመው። የጎረቤት ወፎች ጠፉ ብሎ ደኑን የቆረጡትን ሲረግም ነበር። ለካ ጸናጽሉም ይንሿሿል፣ ወፉም ይንጫጫል። የጠፋው እሱ ጋ ነው። ቀጭን ቀጭኑን ድምፅ ሁሉ ያ ሁሉ ሠርግ ወስዶበት፣ ወፍራም ወፍራሙን ብቻ ትቶለታል። ብርማዎቹ የሚጮኹት በትክክል እሱ የጎደለው ላይ ነው፤ ለዚያ ነው ልክ የመሰሉት። ለእሱ የጎደለውን ሲሞሉለት እሷን በመርፌ ይወጓታል።

ብዙ ነገር ማለት ይችል ነበር። ያለው ግን፣ «ጥጥ ብታደርጊበትስ?» ነው።

«አንተ ደንቁረህ እኔ ጥጥ ልወትፍ?»

ከዚያ እሷ መሳቅ ጀመረች። እሱ አልሳቀም። በዚያን ሰዓት የገባው ነገር የሚያስቅ አልነበረም፤ ብርማዎቹን ካስቀረ ዘፈኑን ይሰማል፣ ወንበሩ ባዶ ይሆናል። የእንጨቶቹን ካስቀረ ወንበሩ ይሞላል፣ ዘፈኑ ግን የጎረቤት ወሬ ሆኖበት ይቀራል። ሁለቱንም የሚያስማማ ሦስተኛ ጥንድ ሷሊሕ ጋ የለም። ጎንደር ውስጥም የለም።

የቀረውን ጾም በዚሁ ሲብሰለሰል ገፋው። አንዳንድ ቀን ለተ ማርያም ገበያ ስትወጣ ጠብቆ ብርማዎቹን ይከፍትና፣ ተደብቆ ዓሣ እንደሚበላ ሰው፣ በሩን በዓይኑ እየጠበቀ በገናውን ይሰማ ነበር። በገና ይህን ያህል ይጥመኛል ብሎ አስቦ አያውቅም። ነዘር ስትል ከደረቱ ውስጥ የሆነች ነገር ጎትታ ታወጣለች። እሷ ስትመለስ ያጠፋዋል።

ስቅለት ዕለት ስግደት ሄደ። በዚያ ወገቡ እየተንቋቋ ሰገደ፤ በየስግደቱ መካከል ያሰበው ግን ስፒከሩን ነው፣ ለዚህም እግዜር ይቅር ይበለው ማለት የኛ ፈንታ አይደለም።

ቅዳሜ ሹር ጧት ሷሊሕ በባጃጅ መጣ። ለተ ማርያም ቄጠማውን ግንባሯ ላይ አስራ ጓዳ ዶሮዋን ትበልታለች።

«እንኳን አደረሳችሁ። እህ አያ ዳኛው፣ የቱን ልውሰድ?»

ዳኛው ብርማዎቹን ከፈተ። የሚወደው በገና ነው። ጥቂት ሰማና መሀሉ ላይ ቆረጠው፣ ገመዱን ነቀለ፣ እንደ ድሮው ክንዱ ላይ ጥቅል ጥቅል አድርጎ አሰረው።

«እነዚህን ውሰድ።»

«እነዚህን? እርስዎ የወደዷቸውን?»

«ውሰድ ተብለሃል፣ ወሬ አታብዛ።»

ሷሊሕ ሳሎኑን ቃኘ። የእንጨቶቹ ከነዳንቴላቸው ቆመዋል። ከጓዳ የለተ ማርያም ቢላዋ ይሰማል፣ ከዚያ መሰማቱን አቆመ። ሷሊሕ ነገሩ ገባውና አንዱን ስፒከር አንሥቶ አቀፈ። ዳኛው ብርማዎቹን እስከ ባጃጁ ሸኛቸው፤ አንዱን ራሴ ካልተሸከምኩ ብሎ ወገቡን ሊሰብር ሲል ሷሊሕ ነጠቀው።

ፋሲካ በዋለ በሁለተኛው ቀን ህሩይና ሷሊሕ እንኳን አደረሳችሁ ሊሉ መጡ። ህሩይ ዶሮ ቀረበለት፣ ሷሊሕ ለስላሳ። ዳኛው ፍላሹን ቀይሮ የሠርግ ዘፈን ለቀቀ፤ ከበሮው፣ እልልታው፣ ማሲንቆው፣ ሁሉም ያለበት። ለተ ማርያም ወንበሯ ላይ ጥልፏን ይዛ ተቀምጣለች።

ህሩይ የዶሮ ብልቱን አስቀምጦ አዳመጠ።

«አላልኩህም? ይሄ ዘፋኝ ንስሐ ገብቷል።»

«ኧረ ሸጋ ነው» አለ ሷሊሕ፣ ሻጭ ነውና።

«ከበሮውን በጋቢ ማን ጠቀለለው? ዳኛው፣ አንተ ነህ ይህን የገዛኸው? ያ በቅሎ ያስደነበረው ሰው?»

«ለበቅሎ አልገዛሁም» አለ ዳኛው።

ህሩይ ዶሮውን ጨርሶ፣ ስለ ድምፅ አመራረጥ ረዘም ያለ ትምህርት ሰጥቶ፣ ከሷሊሕ ጋር ወጣ። ቤቱ ውስጥ እነሱና ዘፈኑ ብቻ ቀሩ። ከአጥር ወዲያ ስንዱ ተጣራች።

«ለተ፣ ዛሬ አትመጪም?»

«እዚሁ ነኝ ዛሬ። ነገ፣ ስንዱዬ።»

ዳኛው ይህን በደንብ ሰማው፤ የሚስቱ ድምፅ ወፍራም ነው። ተንቀሳቅሶ የሆነ ነገር እንዳያበላሽ የፈራ ይመስል ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። ከበሮው ከወለሉ በእግሩ ይገባል። ዘፋኙ ግን፣ ከሦስተኛው ቤት ግድግዳ ወዲያ ሁለት ሽማግሌ እንደሚማከሩ ዓይነት ነው። የዘፈኑ ቃል ሲያልፍ አንዱንም አይዝም። ታገሠ፣ ታገሠና አቃተው።

«ምን አለ?»

ለተ ማርያም ከጥልፏ ቀና ሳትል መለሰች። «ደጅሽ ላይ ቆሜያለሁ አለ።»

«ከዚያስ?»

«ውሻሽን እሠሪልኝ አለ።»

ዳኛው ፈገግ አለ። ይህን ዘፈን ስንት ጊዜ ለቅቆታል፤ ውሻ እንዳለበት አያውቅም ነበር። ማስጮህ እንጂ ማዳመጥ የሱ ሥራ አልነበረም። ወንበሩን ወደሷ አስጠጋ።

«አሁንስ?»

«አባቷን ፈራ።»

«ደግ አደረገ። አሁንስ?»

ለተ ማርያም መርፌዋን አቁማ ጥቂት አዳመጠች። «ሽማግሌ ባል አታግቢ፣ ጆሮው አይሰማም አለ።»

«አላለም።»

«ምን ታውቃለህ?»

ዳኛው ከወንበሩ ተነሥቶ ዳንቴሉን ገለጥ አድርጎ ጆሮውን ጨርቁ ላይ ለጠፈ። ድም ድም ይላል፣ መሀሉ ላይ ሰው ያጉረመርማል፤ ሽማግሌ ይበል፣ ጎረምሳ ይበል የሚለይ ነገር የለም።

«ቆይ መልሼ ልክፈተው» አለ።

«ተው ተቀመጥ» አለችው፣ «የሚቀጥለው እንዳያልፈኝ።»